ባለቤት ያጣ ጥፋት

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው «ፎልት» ከሚባለው ቃል ፊት ሲደርስ ብዕሩን ለጊዜው ማሳረፉ አይቀርም። ቃሉ አጭር ነው፤ የተሸከመው ግን ብዙ ነው። የሰው ጠባይ ጉድለት በዚሁ ይጠራል፤ የመብራት መሥመር ብልሽት በዚሁ ይጠራል፤ ምድር ተሰንጥቃ አንዱ ጎኗ ከሌላው ዝቅ ያለበት ሥፍራም በዚሁ ይጠራል። የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች የመጀመሪያዋን ምት ከመሥመር ውጭ ሲያሳርፍ ዳኛው የሚያሰማው ድምፅ ይኸው ነው፤ ልጅ ብርጭቆ ሰብሮ «እኔ አይደለሁም» ሲል የሚሸሸውም ከዚሁ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን የተዋሰው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛም ማታለልን፣ ማጕደልንና ከሚጠበቅ ደረጃ አለመድረስን ከሚያመለክት የላቲን ግሥ ወርሶታል። እንግሊዞች በመጀመሪያ ያለ «ኤል» ይጽፉት ነበር፤ በኋላ ሊቃውንቶቻቸው የላቲኑን አባት ለማስታወስ ሲሉ ፊደሏን በመካከል ሰገሰጓት፤ ድምፅዋም ከጽሕፈቱ ዘግይቶ ተከተለ። ስለ ጉድለት የሚናገረው ቃል ራሱ ፊደል ጎድሎት ኖሯል ቢባል ያስኬዳል።

አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል አንድ አቻ የለውም። ይህን እንደ ድህነት የሚቈጥር ካለ ሚዛኑ ተዛብቷል። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. በታተመው ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላቱን በየግንዳቸው አስቀምጠው ስላለፉ፣ መጻሕፍቱን የገለጠ ሁሉ እያንዳንዱ ቃል የራሱ ዘር እንዳለው ያያል። «ስሕተት» ከመሳት ነው፤ መንገዱን የሳተ መንገደኛ፣ ዒላማውን የሳተ ተኳሽ፣ ልቡን የሳተ በሽተኛ ሁሉም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። «ኃጢአት» ከማጣት ነው፤ ግዕዙ «ኀጥአ» የሚለው አማርኛው «አጣ» የሚለውን ነው። «ጉድለት» ከመጕደል፣ «ሕፀፅ» ከማነስ ነው። «ግድፈት» ከመጣልና ከማስቀረት ይመጣል፤ ቁም ጸሐፊ አንዲት ቃል ዘልሎ ሲያልፍም፣ ጿሚ ጾሙን ሲሽርም «ገደፈ» ይባላል። «እንከን» በዕቃና በገላ ላይ በዓይን የሚታይ ነው። «ነውር» ሰው ሲያየው የሚያፍሩበት ነው። «ወንጀል» ሕግ ይፈልጋል። «በደል» ደግሞ ተበዳይ ይፈልጋል፤ የተበደለ ሳይኖር በደል የሚባል ነገር የለም።

«ጥፋት» ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። «ጠፋ» ሲባል ባለቤቱ ራሱ የጠፋው ነው፤ እሳት ጠፋ፣ ከብት ጠፋ፣ ሰው ከአገር ጠፋ ይባላል፤ ማንም አይጠየቅም። አንዲት «አ» ከፊቱ ስትቀድም ግን ነገሩ ይገለበጣል። «አጠፋ» ባለበት ሁሉ አጥፊ አለ። የነበረው ነገር እንዳይኖር ያደረገ እጅ አለ ማለት ነው። ስለዚህ «አጥፍቻለሁ» የሚል ሰው ስለ ጠባዩ ጉድለት መናገሩ ብቻ አይደለም፤ በእርሱ ምክንያት ከዓለም ላይ አንድ ነገር መጕደሉን፣ ያጎደለውም እርሱ መሆኑን መመስከሩ ነው።

እዚህ ላይ የቴአትር ሰዎች አንድ ነገር ቢያስታውሱ መልካም ነው። አርስጣጣሊስ ስለ ድርሰት ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ የአሳዛኝ ተውኔት ጀግና የሚወድቅበትን ምክንያት የጠራበት «ሐማርቲያ» የተባለው የግሪክ ቃል በመሠረቱ የቀስተኛን መሳት የሚያመለክት ነው። ይኸው ቃል በሐዲስ ኪዳን ግሪክ ኃጢአት ሆነ፤ የግዕዝ ተርጓሚዎችም ማጣትን በሚያመለክተው በራሳቸው ቃል ተቀበሉት። ከአቴና መድረክ ተነሥቶ እስከ ገጠር ደብር ድረስ የደረሰው አሳብ እንግዲህ አንድ ነው፤ ቀስት አለ፣ ዒላማ አለ፣ የሳተ ሰው አለ። ቀስተኛ የሌለው መሳት ግን ማንም አስቦ አያውቅም፤ ያሰበው የእኛ ዘመን የቢሮ አማርኛ ነው።

ወደዚያ ከመድረስ በፊት የገጠሩን አማርኛ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ከፍኖተ ሰላም ወጥቶ ወደ ማንኩሳ፣ ወደ ቋሪት ወይም ወደ ቡሬ ገጠር የዘለቀ መምህር፣ ከዩኒቨርስቲ ያልሰማውን ትምህርት ከእረኞች አፍ ይሰማል። እረኛ ልጅ ጨዋታ አዘናግቶት በሬው ከጎረቤት ዳጉሳ ውስጥ ቢገባ ባለ ማሳው «በሬው በላው» ብሎ አይከስስም። «አስበላኸው!» ይላል። በዚህች አንዲት ግሥ ውስጥ ያለውን ፍርድ ልብ ይሏል። ልጁ አልበላም፤ በሬውንም ሂድና ብላ አላለውም፤ ክፋትም አላሰበም። ሆኖም መጠበቅ የነበረበትን አልጠበቀም። የሕግ ምሁራን «ቸልተኝነት» ብለው በብዙ አንቀጽ የሚተነትኑትን ነገር የጎጃም እረኛ በአራት ፊደል ጨርሶታል። አስነጠቀ፣ አስወሰደ፣ አስመታ፣ አስገደለ የሚሉትም በዚሁ መንገድ ሲነገሩ ከዚህ ቤት ናቸው፤ ማድረግንና አለመከልከልን እያነጻጸሩ ሁለቱንም ለባለቤታቸው የሚሰጡ ግሦች ናቸው።

ከወንዝ ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሴት እንስራዋ ቢሰበር ሦስት ምርጫ አላት። «ሰበርኳት» ብትል ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ ወሰደች፤ «ተሰበረች» ብትል ለእንስራዋ ሰጠች፤ «ተሰበረችብኝ» ብትል ግን ከሁለቱ መካከል የሚገኝ፣ ብዙ ቋንቋዎች በአንድ ቃል ሊናገሩት የማይችሉት ነገር ተናገረች። አልሰበርኳትም፣ ነገር ግን የተሰበረችው በእኔ እጅ ሳለች ነው፣ ጉዳቱም የእኔ ነው ማለቷ ነው። እናት ይህን ስትሰማ ቍጣዋን ታበርዳለች፤ «ተሰበረች» ብቻ ብትባል ግን ቍጣዋ ይብሳል። ለምን ቢሉ፣ የመጀመሪያው አነጋገር ሰው ያለበት ነው።

በቡሬ ገበያም እንዲሁ ነው። የቡሬ በርበሬ በአገር የታወቀ ስለሆነ ገዢው ዓይኑ የሰላ ነው። ከረጢቱ ሲፈታ የነጣውን፣ እርጥበት የያዘውን፣ የተጨማደደውን እየለየ «እንከን አለው» ይላል። ይህን ሲል ሻጩን አልሰደበም፤ እንከኑ የበርበሬው ነው፤ ምናልባትም የዝናቡ ነው፤ ዋጋ ይቀነስና ነገሩ ያልቃል። ሻጩ ቀዩን ከላይ ደርቦ እርጥቡን ከሥር ደብቆ ከተገኘ ግን «እንከን» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ አይሠራም። አሁን የሚነገረው ስለ በርበሬ አይደለም፤ ስለ ሰው ነው፤ ቃሉም ይለወጣል፤ «አታለልከኝ» ይመጣል። ማንበብና መጻፍ ያልተማረ ገበሬ የዕቃን እንከንና የሰውን ጥፋት አያምታታም።

የሽምግልናው ሥርዓት ከዚህ ይቀጥላል። ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች የሁለቱን ወገን ቃል ከሰሙ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለዩ ወደ ካሣ አይሄዱም። አጥፊው ድንጋይ በትከሻው ወይም በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይቀርባል፤ «ይቅር በለኝ» ይላል። የድንጋዩ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ጥፋት ክብደት አለው፤ የሚሸከመውም ሰው ነው። ክፍተት ተሸክሞ ከሽማግሌ ፊት የተንበረከከ ሰው ግን ታይቶ አይታወቅም።

ዘመናዊው ሕግ ይህን የአገር ልማድ አላፈረሰውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ በፈረንሳዊው ምሁር በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ሲዘጋጅ፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገረው ክፍል ቍልፉ ቃል የፈረንሳይኛው «ፎት» ነበረ፤ የእንግሊዝኛው ቃል አባት መሆኑ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጐም ግን ልጁ አባቱን አልተካም፤ «ኦፌንስ» የሚል የወንጀል ሽታ ያለው ቃል ገባ፤ ይህም ለብዙ የሕግ ተማሪዎች መደናገሪያ ሆነ። የአማርኛው ቅጂ «ጥፋት» አለ። አንድ ጊዜ እንኳ ትርጕም ከምንጩ ጋር የገጠመው በአማርኛው በኩል ነው። በቍጥር 2028 እንደተደነገገው በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ላደረሰው ጉዳት ኪሣራ ይከፍላል። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ጥፋት አስቦ በማድረግም፣ በቸልተኝነትም ሊሆን እንደሚችል ይለያል፤ የእረኛውን «አስበላ» ሕጉ እዚህ ላይ አገኘው። ሕጉ ከዚህም አልፎ ጥፋት ሳይኖር ኃላፊነት የሚመጣበትን በር ለይቶ ከፍቷል፤ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ምንም ባያጠፉ እንኳ ይጠየቃሉ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ጥፋት ባይኖርም ባለቤት ይኖራል። ሕጉ ባለቤት የሌለው ጉዳት እንዳይኖር የቻለውን ያህል ደክሟል።

አሁን ከዚህ ሁሉ ሀብት ተነሥቶ አንድ የቢሮ ሪፖርት የገለጠ አንባቢ ምን ያገኛል? «በአፈጻጸም ረገድ ክፍተት ታይቷል።» «በክትትልና ድጋፍ በኩል ውስንነት ነበር።» «ተግዳሮቶች አጋጥመዋል።» የታየው ክፍተት ማን የከፈተው ነው? ውስንነቱ የማን ነው? «አጋጠመ» የሚለው ግሥ በመንገድ ላይ ለሚገናኙ ሰዎችና ለድንገተኛ ዝናብ የተፈጠረ ነው፤ አንድ ሰው በጊዜው መፈረም ሲገባው ያልፈረመው ወረቀት አያጋጥምም። «ክፍተት» የአጥርና የግድግዳ ቃል ነው፤ «ውስንነት» የተፈጥሮ ቃል ነው፤ ሰው ክንፍ ስለሌለው አይበርም፣ ያ ውስንነት ነው። «ተግዳሮት» የተፎካካሪ ቃል ነው፤ ከውጭ የመጣ ባላንጣ ያለ ያስመስላል። ሦስቱም አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ያስወጣሉ።

በአማርኛ ሰዋስው «ባለቤት» የሚለው ስም ድንቅ ነው። ድርጊቱን የፈጸመውን ቃል «ባለቤት» ብለው የሰየሙት መምህራን ሳያውቁት ፍልስፍና ሠርተዋል። ቤት ያለው፣ ንብረቱን የሚጠብቅ፣ ጣሪያው ቢያፈስስ የሚጠየቅ ሰው ማለት ነው። ባለቤቱ የወጣበት ዓረፍተ ነገር ሰው እንደሌለበት ጎጆ ነው፤ ማንም ገብቶ ያድርበታል።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ የሚመስለው ካለ የ2015 ዓ.ም.ን የመኸር ወቅት ያስታውስ። በዚያ ዓመት በአማራ ክልል ማዳበሪያ በወቅቱ ለገበሬው አልደረሰም፤ ገበሬዎች ሥራቸውን ትተው ለአቤቱታ እስከ ባሕር ዳር መጥተው ነበር። ምዕራብ ጎጃም በቆሎ አብቃይ አገር ነው፤ የበቆሎ ዘር ቀን ይቈጥራል፤ ከዝናቡ ጋር የሚደረግ ቀጠሮ በደብዳቤ አይራዘምም። በየመግለጫው የተነገረው ግን «ማዳበሪያ ዘገየ» የሚል ነበር፤ ማዳበሪያው እግር ያለው፣ መንገድ ላይ ቆሞ ወሬ ሲያወራ የመሸበት ፍጡር ይመስል። «ዘገየ» እና «አዘገየ» መካከል ያለችው አንዲት ፊደል የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ያህል ትመዝናለች። ምክንያቱ የግዥ ሥርዓቱ ይሁን፣ የማጓጓዣው ይሁን፣ የጸጥታው ይሁን፣ ወይም የሁሉም ድምር፣ ያ ተመርምሮ የሚገኝ ነው። «ዘገየ» የሚለው ቃል ግን ምርመራውን ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል፤ ማዳበሪያ አይመረመርምና።

ይህ በሽታ የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ጎጃም ከቀድሞም ታውቀዋለች። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ላይ የተጣለውን አዲስ ግብር በመቃወም ከሞጣና ከቢቸና እስከ ዳሞት ገበሬው ተነሣ። ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ተላከ። ኋላም መንግሥት ነገሩን ለማብረድ የቆየ ውዝፍ ግብር ሠረዘ፤ ገበሬው አጥብቆ ያማርራቸው የነበሩትን አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴንም ከጎጃም አነሣ። አጥፍተዋል ተብሎ ግን አልተነገረም። «ተዛወሩ» ተባለ። የተዛወሩትም ወደ ከፋ ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የጅማ ሕዝብ በእኒሁ ገዥ ላይ በተራው ተነሣ። «ዝውውር» የሚለው ቃል እንዲህ ያለ ጉልበት አለው፤ ጥፋትን አይሽርም፤ ከአንድ ጠቅላይ ግዛት ወደ ሌላው ጠቅላይ ግዛት አበል እየከፈለ ያጓጉዛል። ጥፋቱ በጎጃም በስሙ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ከፋ ምናልባት ሌላ ስድስት ዓመት ባልከፈለች ነበር። ምሕረቱም ቢሆን ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ውዝፉ የተሠረዘው በ«ምሕረት» መልክ ነው፤ ምሕረት ደግሞ ለአጥፊ የሚደረግ ነው። እንግዲህ በቃላቱ ሚዛን ሲታይ አጥፊው ገበሬው ሆኖ ቀረ፤ ገዥው ግን መንገደኛ ብቻ ነበሩ።

የበሽታው ሌላ ፊት ከዚህም የከፋ ነው። እስካሁን የተነገረው ባለቤት ስላጣ ጥፋት ነው፤ አሁን ደግሞ ጥፋት ሳይኖረው ጥፋተኛ ስለተባለ ሰው መናገር ይገባል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል፣ በተለይም በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም፣ የእርሻ መሬት እንደገና ተደለደለ። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች በድልድሉ መሬት አግኝተዋል፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን መሬት የተቀነሰበት መሥፈርት የይዞታ ስፋት ብቻ አልነበረም፤ ቃል ነበር። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ውስጥ የሠራ ሰው «ቢሮክራት» ተባለ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓት ሹመት የነበረውም «የፊውዳል ርዝራዥ» ተባለ። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሔክታር መያዝ ሲፈቀድለት እነዚህ ግን ከአንድ ሔክታር፣ በአካባቢው አቈጣጠር ከአራት ጥማድ፣ በላይ እንዳይኖራቸው ተወሰነ።

«ቢሮክራት» የቢሮ ሰው ማለት ነው። ቢሮ በሕይወቱ ገብቶ የማያውቅ፣ ጎረቤቶቹ መርጠውት ወይም ተመርጠሃል ተብሎ የማኅበሩን መዝገብና ቍልፍ የያዘ ገበሬ በአንድ ቀን የቢሮ ሰው ሆነ። በማኅበር አመራርነቱ የደኸየ ጎረቤቱን መሬት የቀማ፣ የሰው ልጅ አሳልፎ ለውትድርና የሰጠ ካለ፣ ያ ሰው አጥፊ ነው፤ ስሙም፣ ድርጊቱም፣ ተበዳዩም አለ፤ ሽማግሌም፣ ፍርድ ቤትም ሊጠይቁት ይችሉ ነበር። ያ አልተደረገም። በጥፋት ፋንታ ማዕረግ ተመዘነ። የቀማውና ያልቀማው፣ ያሳለፈውና የደበቀው በአንድ ቃል ከረጢት ታሠሩ፤ ቡሬ ገበያ ላይ ቢሆን ኖሮ ገዢው ከረጢቱን ፈትቶ ይለያቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ የሚያሳዝነው ቃሉ ወደ ልጆች መሻገሩ ነው፤ መሬት የቤተሰብ ነውና በአባት ስም የጎደለው ጥማድ ከልጆች ሞሰብ ላይ ጎደለ። «ጥፋት» ቢባል ኖሮ ከአጥፊው ጋር ይሞት ነበር፤ ስያሜ ግን ይወረሳል።

ይህ የስያሜ ልማድ ከ1989 ዓ.ም. ጋር የተወለደ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ «አድኃሪ»፣ «አናርኪስት»፣ «ፀረ አብዮት» የሚሉ ቃላት ሰውን ከድርጊቱ ቀድመው ይይዙት ነበር፤ በየስብሰባው የሚካሄደው ሂስና ግለ ሂስም ከጊዜ ብዛት ሰው ያላጠፋውን እየተናገረ ያጠፋውን የሚሸፍንበት ሥርዓት ሆኖ ነበር። ኋላ «ግምገማ» ተተካ፤ «ጠባብ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ኪራይ ሰብሳቢ» የሚሉ ስያሜዎችም አብረው መጡ። መንግሥታቱ ይለያያሉ፤ ዘይቤው ግን አንድ ነው። ከላይ ላለው ሰው «ክፍተት» ተሰጠው፤ ከታች ላለው ሰው ስም ተሰጠው። አገርኛው አነጋገር ይህን ከብዙ ዘመን በፊት ጨርሶታል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ኪነ ጥበባችንስ ከዚህ ነጻ ነውን? ነጻ ነው የሚል ካለ በየመድረኩ የታየውን ያስብ። ለረጅም ጊዜ በተውኔቶቻችን ውስጥ የሚገባው ክፉ ሰው ከመናገሩ በፊት በአለባበሱ ይታወቅ ነበር፤ አንድ ዘመን ካባ የደረበው፣ ሌላ ዘመን ቦርሳ የያዘው፣ ሌላ ዘመን መነጽር ያደረገው። ተመልካቹ ማን እንዳጠፋ ለማወቅ ድርጊቱን መከታተል አላስፈለገውም፤ ልብስ ሰፊው ነግሮታል። ይህ ድራማ አይደለም፤ የድልድል መዝገብ በመብራት ታጅቦ ሲነበብ ነው።

በዚያው በምዕራብ ጎጃም ምድር የሚጀምር አንድ መጽሐፍ ግን ሌላ መንገድ አሳይቶናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ማንኩሳ ላይ ይጀምራል። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲያድግላቸው ሲሉ ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ ስለቱ ያድነው ዘንድ የታሰበ ሲሆን ዕድሜ ልኩን የሚያሥረው ገመድ ሆነ። ጥፋቱ የማን ነው? የወላጆቹ ነው እንዳይባል ከፍቅር ያደረጉት ነው። የልጁ ነው እንዳይባል ሳይጠየቅ የተደረገ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በክብራቸው ታውረው ሰብለ ወንጌልን ከሕይወት ሲያርቋት ጥፋታቸው ግልጽ ነው፤ ሆኖም ደራሲው እርሳቸውን እንኳ ሰው አድርገው ነው የጻፏቸው፤ አንባቢ ይፈርድባቸዋል፣ ያዝንላቸዋልም። «ባላባት» ስለሆኑ አጠፉ አልተባለም፤ ያደረጉት ተነገረ፤ ከዚያ በኋላ አንባቢ ባላባትነት ምን እንደሚያደርግ በራሱ ተረዳ። ካድሬም ሆነ ተቺ በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ሊያስብ ይገባዋል። ድርጊት ይቀድማል፤ ስያሜ ይከተላል፤ ሲገለበጥ ግን ድርሰቱም ፍርዱም ይበላሻል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው «ጥፋት» ከባድ ቃል ነው፣ የሥራ ባልደረባን ያስቀይማል፣ «ክፍተት» ግን ጨዋነት ነው የሚል ነው። አማርኛ ጨዋነት ጎድሎት እንደሆነ ይህ ክርክር ባልከፋ። «ሳትኩ»፣ «ዘነጋሁት»፣ «አመለጠኝ»፣ «ተሰበረብኝ» ሁሉም ለስላሶች ናቸው፤ ሁሉም ግን ተናጋሪውን በውስጣቸው ይዘዋል። ጨዋነት ማለት ሰውን ማለዘብ እንጂ ሰውን መሰወር አይደለም። ደግሞስ «ክፍተት» የሚለውን ቃል ማን ለማን ይናገራል? አለቃው ስለ ራሱ ክፍል ሲናገር «ክፍተት» ይላል፤ ዘበኛው አርፍዶ ሲገባ ግን «የመግቢያ ሰዓት ክፍተት ታይቶበታል» አይባልም። «አርፍደሃል» ይባላል፤ ደመወዙም ይቆረጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚከበር ነው። ጥፋት የሥርዓት ነው፣ አንዱን ሹም ወይም አንዱን የመጋዘን ሠራተኛ ነጥሎ መጥቀስ ትልቁን ምክንያት ይሸፍናል ይላል። እውነት አለው። ከታች ያለውን ደካማ ሰው የመሥዋዕት በግ አድርጎ ማቅረብ ያረጀ ዘዴ ነው። ነገር ግን ሥርዓትም ቢሆን ባለቤት አለው፤ መመሪያው ሲወጣ የፈረመ አለ፣ በጀቱን የደለደለ አለ፣ ማስጠንቀቂያው ሲደርሰው መሳቢያ ውስጥ የከተተ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሕንፃውን ባለቤት ሲጠይቅ ግድግዳውን በእጁ ገፍቶ ጥሏል ብሎ አይደለም፤ ቤቱ የእርሱ ስለሆነ ነው። ሥርዓት ለሚመራ ሰው ከዚህ ያነሰ ሊጠየቅ አይገባም። «ተጠያቂነት» የሚባለው ቃል በየንግግሩ መብዛቱም ብቻውን አያጽናናም። «ተጠያቂ» ጠያቂ ይፈልጋል፤ ቃሉ ተደራጊውን ብቻ ይዞ ጠያቂውን ትቶ ከቀረ እርሱም ሌላ ክፍተት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ባለቤቱን ያልሸጠ አንድ የዘመናችን አማርኛ መኖሩ ነው፤ እርሱም የእግር ኳስ ዘገባ ነው። ጋዜጠኛው «ጥፋት ሠራ» ሲል የተጫዋቹን ስምና የማሊያ ቍጥር ይጠራል፤ ጥፋቱ የት እንደተሠራ፣ በማን ላይ እንደተሠራ፣ ዳኛው ምን እንዳደረገ በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። ሰፊው አድማጭም ይህን ቋንቋ ያለ መዝገበ ቃላት ይረዳዋል። ለኳስ የተሰጠው ግልጽነት ለዘር ወቅት የማይሰጥበት ምክንያት የለም።

መምህራን በዚህ ረገድ እጃቸው ላይ ብዙ ነገር አለ። ተማሪ ድርሰት ሲጽፍ «ስሕተት ተፈጽሟል» ያለውን ዓረፍተ ነገር ቀይ አስምሮ «ባለቤቱ የት አለ?» ብሎ መመለስ የሰዋስው ትምህርት ብቻ አይደለም። የቅኔ ቤት መምህር ይህን ያውቀዋል፤ በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ተማሪው የዘረፈውን ቅኔ ቆሞ ሲያቀርብ፣ ቤት ቢሰብር ወይም አገባቡን ቢያፋልስ መምህሩ ተማሪውን እንጂ «በቅኔው ረገድ የታየ ውስንነት» አያርምም፤ ተማሪውም ነገ የተሻለ ይዞ ይቀርባል። ተርጓሚም ቢሆን «ፎልት»ን ባገኘ ቍጥር ስለ ሽቦ፣ ስለ ምድር፣ ስለ በርበሬ ወይስ ስለ ሰው እንደሚናገር ሳይለይ አንዱን ቃል ለሁሉ አይርጭ፤ ለሽቦ ብልሽት፣ ለበርበሬ እንከን፣ ለሰው ጥፋት።

የሩብ ዓመት ሪፖርት ቅጽ ላይ «ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች» የሚል ርእስ አለ። ችግሮቹ ያጋጠሙ ናቸው፤ መፍትሔዎቹ ግን የተወሰዱ ናቸው፤ ለችግሩ ሰው የለም፣ ለመፍትሔው አለ። ቅጹን የሚያዘጋጁ ክፍሎች ከዚህ ርእስ ጎን አንዲት ጠባብ ዓምድ ቢጨምሩ ወረቀቱ አይጠብም። በዓምዷም ላይ የሚጻፈውን ርእስ ከውጭ ቋንቋ መተርጐም አያስፈልግም፤ ከእረኛው መዋስ ይበቃል፤ «ያስበላው ማን ነው?»